ከዛሪማ የወጣ የሙሽራ ጤፍ

ከቆቦ ስነሣ ሻንጣዬ ውስጥ ከነበረው ነገር ሁሉ ያስጨነቀኝ አንድ የደረቀ አረም ነበር። አበባ ሳያወጣ ከነሥሩ ተነቅሎ፣ ወረቀት ላይ ተለጥፎ፣ በላዩ ላስቲክ ተደርጎበታል። ፍሬ እንደሌለው አውቃለሁ። ሆኖም ወልድያ ላይ መኪና ስቀይር፣ ደብረ ታቦር ላይ ምሳ ስበላ፣ እጄን ወደ ሻንጣው እየሰደድኩ ላስቲኩ አለመቀደዱን እዳብስ ነበር።

ይህን አረም እኛ አገር መጤው እንለዋለን። የግብርና ሰዎች ፓርቲኒየም ይሉታል። ለጋው አሪቲ ይመስላል፤ ሲያድግ ጥቃቅን ነጭ አበባ ያወጣል። ከርዳታ እህል ጋር መጣ የሚሉ አሉ፤ ከወታደር መኪና ጎማ ወረደ የሚሉም አሉ። እኔ የማውቀው ካባቴ የወረስኩት መሬት ማሽላ ማብቀሉን መተዉን፣ የላሜ ወተት መምረሩንና አረሙን የሚነቅሉ ሴቶች እጅ መሰነጣጠቁን ነው። ጡረታ እስክወጣ በግብርና ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ስለ አረሙ የሚጻፈውን ደብዳቤ ሁሉ የተየብኩት እኔ ነኝ። ደብዳቤው በበዛ ቁጥር አረሙም በዛ።

በሰሜን ተራሮች ግርጌ ግን ገና እንዳልገባ፣ ወይም አሁን በመግባት ላይ እንደሆነ ተነገረኝ። መንገድ እየተሠራ ነው፣ መኪና በዝቷል። ከተጎዳ አገር የመጣ ሰው ቢናገር ይሰማል ተብሎ አረሙን ከሚፈልግ የአሰሳ ቡድን ጋር እንድሄድ ተጠየቅሁ፤ ሄድኩ። ይህን የምጽፈው ስመለስ “ምን አየሽ?” ላሉኝ ጎረቤቶቼ ነው። ወደዚያ የሚሄዱበት ጉዳይ ስለሌላቸው፣ እንደሄዱ ይቁጠሩት።

የመጀመሪያው ቀን፤ ከጎንደር ዳባት

ጎንደር ላይ የተቀበሉኝ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ደሳለኝ የሚባል የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ነው፤ ወጣት፣ ረጅም፣ ሲያወራ ዓይኑ መሬት ላይ ነው። በኋላ እንደገባኝ ዓይን አፋር ሆኖ አይደለም፤ አረም እየፈለገ ነው። ሁለተኛው ሾፌሩ ታፈረ ነው። ታፈረ የጎንደር ሰው ነው፤ ሰውን ሁሉ “እናታለም”፣ “አባታለም” እያለ ነው የሚጠራው።

ኮሶዬ ላይ ወርደን ገደሉን አየን። ያማረ ነው። ከገደሉ ይልቅ ግን የማስታውሰው ብርዱን ነው። ታኅሣሥ በቆቦ ሰው ጥላ የሚፈልግበት ወር ነው፤ እዚያ ግን ሰዉ እስከ አፍንጫው ተጠቅልሎ ዓይኑ ብቻ ይታያል።

አሰሳ የሚባለው እንዲህ ነው። መኪናው ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ እኛ በግራና በቀኝ እናያለን። መኪና የሚቆምበት ቦታ ሁሉ እንወርዳለን። ድልድይ ሥር፣ ወፍጮ ቤት ጓሮ፣ ጎማ የሚጠገንበት፣ ገበያው የሚፈታበት። አረሙም መኪና ተሳፋሪ ነው፤ መኪናው በቆመበት ይወርዳል።

አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ነበር። እህል የሚሸጡ ሰዎች መካከል ገብቼ የያዝኩትን አረም አወጣሁ። አንድ ገበሬ ዱላውን ተደግፎ አየው፣ እኔንም አየኝ።

“እኔስ ምስል ይዘው የጠፋ ሰው የሚፈልጉ መስሎኝ ደንግጬ ነበር” አለ። “ይኸ ምን አጥፍቶ ነው?”

“መሬቴን በላብኝ” አልኩት።

“እንግዲያውስ ከታየ እይዘዋለሁ። አረም እንጂ ዘመድ አይደለም፣ አልሸሽገውም።” አጠገቡ ያሉት ሳቁ። እርሱ ግን አልሳቀም፤ ወረቀቱን ተቀብሎ ቅጠሉን በደንብ ካየ በኋላ ለሚስቱ ሰጣት።

ያን ቀን አረሙን አላገኘነውም። ዳባት ላይ ያደርንበት ቤት ባለቤት ምድጃ እንደሌላት እያዘነች የራሷን ጋቢ አምጥታ ደረበችልኝ። “አንቺስ?” ብላት “እኔማ ብርዱን ተላምጄዋለሁ” አለች። እኛ አገር ለእንግዳ ቀድሞ የሚቀርበው ውሃ ነው። እዚህ ቀድሞ የሚቀርበው ልብስ ነው።

ሁለተኛው ቀን፤ ከዳባት ደባርቅ

ቀኑን ሙሉ ሜዳውን አሰስን። የገብሱ አዝመራ ተሰብስቧል፤ ቃርሚያው ላይ በጎች ተሰማርተዋል። ሜዳው እንደዚያ ንጹሕ ሆኖ ሳየው ደስ አለኝ ማለት አልችልም። የእኛም ሜዳ እንዲህ እንደነበር ነው ያሰብኩት። ቆቦ ላይ በዚህ ወር ያለው ነጭ ነገር የበግ መንጋ ሳይሆን የመጤው አበባ ነው።

የገና ጾም ስለነበር ደባርቅ ላይ በተልባና በባቄላ ሽሮ በላን። እንጀራው የገብስ ነው፤ ወፈር ይላል፣ ያጠግባል። የምግብ ቤቱ ልጅ ሣህኑን ስታነሣ የጫማዬን ጫፍ አይታ “ጫማዎ አፉን ከፍቷል” አለችኝ። እውነትም ሶሉ ተገንጥሏል። ገንዘብ አልቀበልም ብላ ወንድሟ ዘንድ ወስዳ አሰፋችልኝ። እስኪሰፋ ድረስ የሷን የፕላስቲክ ጫማ አድርጌ ተቀመጥኩ፤ እግሬ ውስጡ ጠፍቶ።

ማታ ከመለያየታችን በፊት ደሳለኝ “ደጋው ንጹሕ ነው” አለ። እንደዚያ ሲል ድምፁ ውስጥ ደስታ ነበር። “ከሊማሊሞ በታች ቢገኝም እዚያው ማቆም ይቻላል ማለት ነው። በዚህ ብርድ በቀላሉ አይወጣም። የሚያወጣው ሰው ካላገኘ በቀር።”

ሦስተኛው ቀን፤ ሊማሊሞን መውረድ

አስፋልቱ ደባርቅ ላይ ያልቅ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሊማሊሞ ነው፤ ገደሉ ላይ የተጠማዘዘ የጠጠር መንገድ። ከሑመራ ሰሊጥ የጫነ ትልቅ መኪና አንዱ መታጠፊያ ላይ ተሰነካክሎ መንገዱን ዘጋው። ከላይም ከታችም መኪናው ተሰለፈ። ታፈረ ወርዶ ለሰሊጥ ሾፌሩ ምክር መስጠት ጀመረ።

“ወደ ኋላ በላት፣ አባታለም!”

“ከኋላዬ ሰማይ ነው ያለው!” አለ ሰውየው ከውስጥ። “አንተ ዞረህ ቁም፣ ከዚያ እልሃለሁ።”

መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። ከአንድ አውቶቡስ የወረዱ ሴቶች የባቄላ ቆሎ ዘግነው በየመዳፋችን አደረጉልን። የማንተዋወቅ ሰዎች ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጠን ቆሎ ቆረጠምን። እኛ አገር መኪና ቢሰነካከል ሰው ጥላ ፍለጋ ይበታተናል፤ እዚህ ግን የሚበታተኑበት ቦታ የለም።

ቁልቁለቱን ስንጨርስ ሙቀቱ ተቀበለን። ነጠላዬን ከላዬ አነሣሁ። ማሽላው፣ ግራሩ፣ የሞቀው አቧራ ሽታ የአገሬ ነው። ዛሪማ መግቢያ ላይ፣ መኪኖች ውሃ የሚቀዱበት ጋ ታፈረ መኪናውን ሲያቆም በሩን ከፍቼ እግሬን ሳወርድ አየሁት። አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ አልጋ የሚያህል መሬት ላይ። ነጭ ሆኗል።

ደሳለኝ “እትዬ፣ እርሱ ነው?” አለኝ። እርሱም አውቆታል፤ ከእኔ መስማት ፈልጎ ነው።

“እርሱ ነው” አልኩ። 

አልቤርጎው በጭነት ሾፌሮች ሞልቷል። ወንዶቹ መኪና ውስጥ ለማደር ተስማሙ። እኔን ውሃው አጠገብ ቤት ያላት ወይዘሮ ዝማም ወሰደችኝ። ባሏ ሞቶባታል፤ ደስታ ከምትባል ታናሿ ልጇ ጋር ትኖራለች። ማን እንደሆንኩ፣ ከየት እንደመጣሁ አልጠየቀችኝም። መጀመሪያ እግሬን አጠበችኝ። ቆይታ “እኛ ቤት ለመኝታ ይሞቃል፣ ደገኛ ከሆኑ ይቸገራሉ” አለችኝ። ቆላ ያደግሁ እንደሆንኩ ስነግራት “እንግዲያ ዘመድ ነዎት” አለች፤ አልጋዋን ለቀቀችልኝ።

አራተኛው ቀን፤ ዛሪማ

ጠዋት የመንደሩ ሰው ወጣ። እጃችንን በላስቲክ ከረጢት ጠቅልለን፣ አፋችንን ሸፍነን ነቀልን። የተነቀለውን እዚያው አቃጠልን። ብዙ ሰው ስለነበር ከምሳ በፊት አለቀ። ደሳለኝ ግን ማሳ ለማሳ ሲዞር ቆይቶ ፊቱ ጠቁሮ መጣ። መጤው የዝማም ጤፍ ማሳ ዳር ዳሩን ይዞት ነበር፤ ከአጨዳ በኋላ የቀረው የአረሙ አገዳ ይታያል።

የዘንድሮ ጤፍ ተወቅቶ ቤት ገብቷል። ዝማም ምሳ ስታቀርብ አንድ ከረጢት ግድግዳ ተደግፎ አየሁ። አፉ አልተሰፋም። እጄን አስገብቼ ዘገንኩ፣ ብርሃን ወዳለበት ወስጄ ዘረጋሁት። ከጤፉ ተለቅ ያሉ፣ ጠፍጣፋ ጥቁር ፍሬዎች አሉበት።

“ምነው እትዬ?” አለች ዝማም ከኋላዬ። “ጤፌ ቅማል አለበት እንዴ?”

“ይህን ታውቂዋለሽ?”

“ግርድ ነው። ግርድ የሌለው ጤፍ ከየት ይመጣል?”

“ለምን አላበጠርሽውም?”

“የሙሽራ ነው እኮ።”

አለመረዳቴ ሲገባት ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ደስታ ለጥር ትዳራለች፤ ዳባት አቅራቢያ፣ ታላቅ እህቷ እናኑ ካለችበት መንደር። እነሱ ዘንድ እናት ለምትዳር ልጇ ጤፍ ትልካለች፤ ያልተበጠረ ነው የሚላከው። ሙሽራዋ አማቷ ግቢ፣ የመንደሩ ሴቶች ዙሪያዋን ተቀምጠው እያዩ ሰፌድ ይዛ ታበጥረዋለች። እጇ የሚታየው ያን ቀን ነው። ግርዱ በአጥር ላይ ይወረወራል፣ ሴቶቹ ይመርቃሉ።

“ይህ ግርድ ዳባት ከገባ ሜዳው ይጠፋል” አልኳት። ስለ አባቴ መሬት ነገርኳት። የላሜን ወተት ልጆች አፋቸው ውስጥ አድርገው ይተፉት እንደነበርም ነገርኳት።

“ላሟስ?”

“ሸጥኳት።”

 ደስታ በር ላይ ቆማ ነበር፤ እናቷ ስታያት ወጣች።

“እኔ አጥርቼ ብልክ ምን እንደሚሏት ያውቃሉ?” አለች ዝማም። “ ‘ሥራ ስላላስተማረቻት ራሷ ሠርታ ላከች’ ይሏታል። እኔ በሌለሁበት አገር፣ ገና በመጀመሪያው ቀን። ያን ጊዜ ማን አጠገቧ ይቆማል?”

እንግዳዋ ነኝ። አልጋዋ ላይ አድሬያለሁ፣ እንጀራዋን እየበላሁ ነው። ተጨማሪ መናገር ከበደኝ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋት።

“ለእናኑስ እንዴት ነበር የላክሽላት?”

“እንዲሁ ነዋ” አለች። “ከዚሁ ማሳ።” ይህን እንዳለች እጇ ሞሰቡ ላይ ቀረ።

ማታውን ለደሳለኝ ነገርኩት። የያዘውን የውሃ ብርጭቆ አስቀመጠ። “ዳባት ላይ እኮ ከመንገዱ ዳር ነው ያየነው” አለ። “ቤት ለቤት አልገባንም።”

አምስተኛው ቀን፤ መመለስ

ስነሣ ዝማም ግቢው ውስጥ አቡጀዲ ዘርግታ፣ ወንፊት ይዛ ተቀምጣለች። ደስታ ከረጢቱን ታዘነብላለች።

“ይምጡ፣ ወዲያኛውን ጫፍ ይያዙልኝ” አለችኝ።

ጤፉ በወንፊቱ ወረደ፣ ጥቁሩ ፍሬ ከላይ ቀረ።  ሲያልቅ ዝማም ግርዱን ሰብስባ ምድጃ ውስጥ ጨመረችው፤ ፊቷንም አዞረች። “ጭሱ ነው” አለች። ጭስ ግን አልነበረም፤ ግርዱ ጥቂት ነበር፣ ቶሎ ተቃጠለ።

ለእናኑ በጨርቅ የተቋጠረ ሰሊጥ ሰጠችኝ። “ይህን በጣቴ ለቅሜዋለሁ፣ ይዩት” አለች ፈትታ። እውነትም አንድ ባዕድ ነገር የለበትም።

ውሃው ዳር ደሳለኝ የመኪናውን ጎማ በብሩሽ አስፈተገ፤ የሁላችንንም ጫማ ሶል ሳይቀር። ታፈረ አጉረመረመ። “መኪናዋ ጫማዋን የምታወልቀው ቤተ ክርስቲያን ልትገባ ነው እንዴ?” አለ። ይሁን እንጂ ጎማዎቹ መካከል የገባውን ጭቃ በእንጨት እየፈለቀቀ ያወጣው እርሱ ነው፣ ማንም ሳያዘው።

ሊማሊሞን ያለ ችግር ወጣን። ደባርቅ ሳንቆም አለፍን። የእናኑ መንደር ዳባት ሳይደረስ፣ ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ብርዱ እንደነበረው ነው። ሜዳው ላይ በጎቹ አሉ።

እናኑ ልጅ አዝላለች። ፊቷ የእናቷ ነው። ሰሊጡን ስሰጣት ቋጠሮውን ሳትፈታ አሸተተችው። አማቷ ወይዘሮ ውዴ ቁመተ ረጅም፣ ጨዋታ አዋቂ ሴት ናቸው። ከዛሪማ መምጣታችንን ሲሰሙ መደብ ላይ አጎዛ አነጠፉልን፣ ስለ ምራታቸው ማውራት ጀመሩ።

“እርሷ የመጣች ቀን ያበጠረችው ጤፍ እስከ ዛሬ ይወራል። ሴቶቹ ሊስቁባት ነበር የተቀመጡት። አንድ ፍሬ መሬት አልጣለችም። በኋላ እኔ ነኝ የሳቅሁባቸው።”

እናኑ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ጠላ ቀርቦ ነበር፣ ደሳለኝ አልነካውም።

“ግርዱን የት ወረወራችሁት?” አለ።

“ከበረቱ ኋላ ነው” አሉ ወይዘሮ ውዴ። “አሁን እንኳን አስታወስከኝ። እናኑ፣ አበባሽን አሳዪያቸው እንጂ።”

ዞረን ሄድን። በረቱ ጥግ፣ ግንቡ ነፋሱን የሚከለክልበት፣ ከፋንድያው ሙቀት አጠገብ፣ በእሾህ የታጠረ ትንሽ ቦታ አለ። ዶሮ እንዳይጭረው፣ ከብት እንዳይበላው የታጠረ ነው። መጤው ውስጡ ቆሟል። በዚያ ብርድ ወገቤ ድረስ ደርሶ አብቧል።

“ከእናቴ ጤፍ ነው የበቀለው” አለች እናኑ። “እዚያም ደጃችን ላይ አለ። እዚህ ሌላ ሰው ጋ የለም። በበጋ ውሃ አጠጣዋለሁ።”

ደሳለኝ ሊናገር ሲል እጅጌውን ያዝኩት። መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ከቆቦ ያመጡኝ ለዚህ ነው። ወረቀቱን አወጣሁ። እናኑ አጥሩ ውስጥ ካለው ጋር አስተያየችው፤ ቅጠል በቅጠል። ስለ መሬቱ ነገርኳት፣ ስለ ወተቱም። ዝማም ትናንት የሰማችውን ያንኑ ነው፤ አጠር አድርጌ ብቻ። እናቷ ዛሬ ጠዋት ምን እንዳደረገችም ነገርኳት።

ወይዘሮ ውዴ “ከብቱ ቢበላውስ?” አሉ።

“ወተቱ ይመራል” አልኳቸው።

ደሳለኝ ጎንበስ ብሎ አበቦቹን ያይ ነበር። አንዳንዱ ራስ ፍሬው ረግፎ ባዶ ነው። “ማበብ ከጀመረ ስንተኛ ዓመቱ ነው?” አለ።

“ዘንድሮ ሁለተኛው።”

“ሲደርቅ ምን ታደርጊዋለሽ?”

“እጠርግበታለሁ” አለች እናኑ። “አገዳው ጥሩ መጥረጊያ ይወጣዋል። ጎረቤቶችም ለምነውኝ ሰጥቻቸዋለሁ።”

ደሳለኝ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ግቢው ንጹሕ ነበር፤ ስንገባ ልብ ብዬው ነበር። በመጥረጊያ የተጠረገ መሆኑ ዳር እስከ ዳር ይታይ ነበር።

የላስቲክ ከረጢቱን ይዤ ልነቅል ስል እናኑ “እኔው” አለች። ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ለአማቷ ሰጠች። አበባዎቹ እንዳይረግፉ አስቀድማ በከረጢት አለበሰቻቸው፣ ከዚያ ከሥሩ ይዛ ቀስ አድርጋ ሳበችው። አፈሩንም ጭረን አወጣን። በየቤቱ ሄደን መጥረጊያዎቹን ጠየቅን። ያመጡ አሉ፤ ልጆች ተጫውተውበት የትም የጣሉት አለ፤ ለአማት ለእህት ሰጠሁ ያለችም አለች። የመጣውን ያህል አቃጠልን።

እናኑ እሳቱ ዳር ቆማ “ደስታ ስትመጣ ጤፏ ለምን እንደተነፋ እኔ እነግራቸዋለሁ” አለች። ወይዘሮ ውዴም ልጁን እያባበሉ “የሚስቅ ካለ ወደ እኔ ይምጣ” አሉ።

እናኑ መኪናው ድረስ ሸኘችን። “በክረምት መጥቶ የሚያይ ሰው ይኖራል” አላት ደሳለኝ። “እስከዚያው ግን አንቺ ነሽ። ዝናብ በዘነበ ቁጥር እዪ። አሪቲ የመሰለ ሁለት ቅጠል ካየሽ ሳታሳድሪ ንቀይ።”

ወደ እኔ ዞረች። “እስከ መቼ ነው የማየው?”

ባለሙያ አይደለሁም። ለምን እኔን እንደጠየቀች አውቃለሁ፤ እኔ ዘንድ መቼ እንዳለቀ እንድነግራት ነበር። ነጠላዬን አስተካከልኩ፣ ልጇን ሳምኩት፣ መኪናው ውስጥ ገባሁ።

ቆቦ ከገባሁ በኋላ ጎረቤቶቼ ስለ ገደሉ ጠየቁኝ። ያማረ ነው አልኳቸው። ስለ ጋቢው፣ ስለ ጫማው፣ ሊማሊሞ ላይ ስለቆረጠምነው ቆሎ ነገርኳቸው። ከእናኑ መንደር እስከ ዛሬ የሰማሁት ነገር የለም።

ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ቀን ደጄ ላይ ወጣሁ። መጤው በመንገዱ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ቅጠል ብቅ ብሎ ነበር። ሰው እየረገጠው ያልፋል፤ ማንም ቁልቁል አያይም። ጎንበስ አልኩና ከደጃፌ አንዱን ነቀልኩ። አጠገቡ ሌላ ነበር፤ እርሱንም ነቀልኩ። ዳባትም ዘንቦ ይሆናል።